በክረምት መብራት ስለ መቁረጥ

ዕዳ መከፈል አለበት። ይኸንን የሚክድ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መብራት የተጠቀመ ሁሉ ዋጋውን ካልከፈለ ምሰሶ የሚያቆም፣ ሽቦ የሚዘረጋ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚለውጥ አይገኝም። ነገር ግን «ዕዳው መከፈል አለበት» ማለትና «ዛሬ ካልተከፈለ ዛሬውኑ ይቆረጥ» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸንን የጊዜ ጥያቄ በአዊ ዞን፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ኑሮ አንጻር መመርመር ነው።

እንደሚታወቀው እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። ዳንግላም ዝቅ ብትል ከ2,100 ሜትር አታንስም። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡና ጉሙ ይከታተላሉ፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ በደጅ የተከመረ እንጨት ይርሳል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሌሊቱ ውርጭ ተራውን ይይዛል። እንግዲህ «አደገኛ የአየር ጠባይ» ሲባል ለብዙዎቻችን ፊት ለፊት የሚታየን የፈረንጅ አገር በረዶ ወይም የአፋር ሐሩር ስለ ሆነ፣ የደጋው ብርድና ዝናብ ሰውን እስከ ሞት ያደርሳል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ብርዱ ራሱ የሚገድለው ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል። አደጋው የሚመጣው ሰው ከብርዱ ለማምለጥ ከሚያደርገው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተ ሰብ በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጡን ይሠራል፣ በአምፖል ልጆቹን ያስጠናል። ሽቦው የተቆረጠ ዕለት ወጡን በምን ይሥራ? እንጨቱ ርሷል። የቀረው ከሰል ነው። አዊ ደግሞ የከሰል አገር ነው፤ የፋግታ ለኮማና የአካባቢዋ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ የሚያከስለው ከሰል አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ስለዚህ ከሰል በቅርብ ይገኛል። በበጋ ቢሆን ማንደጃው በደጅ ይቀጣጠል ነበር፤ በሐምሌ ግን ዝናቡ ወደ ቤት ያስገባዋል፣ ብርዱ ደግሞ በሩንና መስኮቱን ያዘጋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይኸ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ክፍል ጋር ከኦክሲጅኑ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። ሰው «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱም አልቋል፣ ከእንግዲህ አያሰጋም» ይላል። ጭሱ ማለቁ ግን ጋዙ ማለቁን አያሳይም። ራስ ምታትና ድካም ሲጀምረውም እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። በዚህ ላይ የኩራዙና የሻማው ቃጠሎ አለ። እንግዲህ መብራት መቁረጥ ጨለማን ብቻ አያመጣም፤ እሳትን ከደጅ ወደ መኝታ ቤት ያስገባል።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሰው በየትኛው ወር ነው መክፈል የሚያቅተው? በአገራችን ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትባቸው ወሮች ናቸው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። የከተማውም ኑሮ ከዚህ አይለይም፤ ዝናቡ የግንባታውን ሥራ ስለሚያቀዘቅዘው የቀን ሠራተኛው ሥራ ይፈታል፣ ገበሬው ከገበያ ሲቀር ትንሹ ነጋዴ ገዢ ያጣል። ወዲያውም የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ ይደርሳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ደግሞ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ገንዘቡ ያለውም ሰው ቢሆን በወቅቱ ለመክፈል ተቸግሯል። እንግዲህ በእኛ አገር ሰው የሚራቆትበት ወርና ሰማዩ የሚከፋበት ወር አንድ ናቸው። የአገራችን ገበሬ ይኸን ስለሚያውቅ በክረምት ያበደረውን እህል በክረምት አይጠይቅም፤ የብድር ቀኑ መኸር ነው። የመብራት ሒሳብ ግን የሚያውቀው ወር መጨረሻን ብቻ ነው።

ዕዳውስ ምን ያህል ነው? ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተ ሰብ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 0.2730 ብር ነበር። ይኸም 50ውን ሙሉ ለተጠቀመ 13 ብር ከ65 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል የተወሰነ አዲስ ታሪፍ ወጥቷል፤ ለአነስተኛ ተጠቃሚዎችም ድጎማ ተደርጎበታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ድጎማው የሚቆጥረው ቆጣሪን እንጂ ቤተ ሰብን አይደለም። በአንድ ግቢ ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀሙና እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጁ፣ ቆጣሪው የሚያነበው 120 ነው፤ ድሆቹ ሦስቱም ከዝቅተኛው ዋጋ ይወጣሉ። ከዚህም የባሰው ተከራዮቹ ድርሻቸውን ለአከራዩ ከፍለው ሳለ አከራዩ ለመሥሪያ ቤቱ ሳያደርስ ቢቀር፣ የሚቆረጠው የከፈሉት ሰዎች መብራት መሆኑ ነው።

ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በአንጻሩ ክረምት የድህነት ወራቱ አይደለም። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠና ያህሉ የሚገኘው ከውሃ ነው። ከጣና ሐይቅ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ የሚለቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ይዞ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከአዊ በስተምዕራብ በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድብ የሚሞላው በክረምት ነው። በኤውሮፓ ክረምት ሲገባ ኃይል ይወደዳል፣ ነዳጅ ይቃጠላል፤ እንደዚያም ሆኖ ድኻውን በብርድ አትቁረጡበት የሚል ሕግ አውጥተዋል። በእኛ አገር ግን መብራቱ የሚቆረጠው በእንጅባራ ጣራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ወንዙን በሚሞላበት ወራት ነው።

የኤውሮፓውን ሕግ ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1954 መግቢያ በፓሪስ ከተማ አንዲት ሴት ከቤት የተባረረችበትን ወረቀት እንደ ያዘች በመንገድ ላይ በብርድ ሞታ ተገኘች። አቤ ፒዬር የተባሉት ቄስ በራዲዮ ለሕዝቡ ጥሪ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በክረምት ተከራይን ማስወጣት የሚከለክል ሕግ ወጣ። ፈረንሳዮች ይኸን ጊዜ «የክረምት ፋታ» ይሉታል። ፋታው ከቤት ወደ መብራት እስኪሸጋገር ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 15 በፈረንጆች ቀን የማንኛውም መኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክና ጋዝ በዕዳ ምክንያት እንዳይቆረጥ ተደነገገ። የመኖሪያ ቤት ውሃ ደግሞ በየትኛውም ወራት እንዳይቆረጥ ተከለከለ። ዕዳው ግን አልተሰረዘም፤ ቀኑ ብቻ ተላለፈ።

በሞቃት አገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ አገር በፊኒክስ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በነበረበት ቀን፣ የአንዲት የ72 ዓመት ሴት መብራት ተቆረጠ። ከሁለት ቀን በፊት 125 ዶላር ከፍለው የቀረባቸው ዕዳ 51 ዶላር ነበር። በሙቀቱ ሞቱ። የክፍለ አገሩ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር በበጋ መቁረጥን አገደ። ልብ በሉ፤ በፓሪስም ሆነ በፊኒክስ ሕጉ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

የእኛን ጉዳይ የሚያከብደው ሌላ ነገር ደግሞ የካርድ ቆጣሪው ነው። በድሮው ቆጣሪ የሚቆርጠው ሰው ነበር። ቆራጩ መሰላሉን ተሸክሞ ሲመጣ አራስ ያለችበትን ቤት ያያል፣ ጎረቤት ይለምነዋል፣ «እስከ ሰኞ» ሊል ይችላል። ካርዱ ግን ሒሳቡ ሲያልቅ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ራሱ ይዘጋል፤ ማንንም አያይ፣ ማንም አይለምነው። መሥሪያ ቤቱም «እኔ አልቆረጥሁም፤ ሒሳቡ አለቀ» ለማለት ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ አገር፣ በቤይ ሲቲ ከተማ፣ ዕዳ ባለባቸው በአንድ የ93 ዓመት ሽማግሌ ቤት የኃይል መገደቢያ መሣሪያ ተገጠመ። መሣሪያው ከመጠን በላይ ሲጠቀሙ መብራቱን ይዘጋል፤ መልሰው የሚከፍቱትም ከቤት ውጭ ወጥተው ነበር። ሽማግሌው በገዛ ቤታቸው በብርድ ሞተው ተገኙ። እንግሊዞች በበኩላቸው ብዙዎቹን የቅድሚያ ክፍያ ቆጣሪዎች ሌሊትና በዕረፍት ቀን ሒሳብ ቢያልቅም እንዳይዘጉ አድርገው ያዘጋጇቸዋል፤ የጎደለው በሚቀጥለው ግዢ ይቀነሳል። መሣሪያው ያው ነው፤ የታዘዘው ግን በተለየ ሕግ ነው።

«ይኸ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ተቃዋሚ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ነገር ግን የክረምት ፋታ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። ደግሞም በእኛ አገር ያልታወቀ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ በደንብ ተከልክሎ ነበር። አደጋ ሲመጣ የዕዳን ቀን ማሳለፍ እንደሚቻል መንግሥት ራሱ አሳይቷል ማለት ነው። «ፋታውን አይቶ መክፈል የሚችለውም አይከፍልም» ለሚሉት ደግሞ መልሱ ፋታውን ለመኖሪያ ቤትና ለአነስተኛ ተጠቃሚ ብቻ መወሰን ነው። ሆቴሉና ወፍጮ ቤቱ እንደ ወትሮው ይክፈሉ።

እንግዲህ የሚያስፈልገው በእኔ አስተያየት አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል በዓል፣ በደጋ ከተሞችም በውርጩ ወራት፣ የአነስተኛ ተጠቃሚ መኖሪያ ቤት መብራት በዕዳ ምክንያት አይቆረጥ። ሁለተኛ፣ የተጠራቀመው ዕዳ ከመኸር በኋላ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል። ሦስተኛ፣ የካርድ ቆጣሪ ሌሊት፣ በእሑድና በበዓል ቀን አይዝጋ። አራተኛ፣ በጋራ ቆጣሪ የሚኖር ተከራይ ድርሻውን መክፈሉን ካሳየ በአከራዩ ዕዳ አይቆረጥበት። ይኸንን ሊወስን የሚችለው የአዊ ዞን ብቻውን አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የፌዴራል ነው፣ የሚቆጣጠረውም የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን አራስ፣ በሽተኛና አቅመ ደካማ ያለበትን ቤት ዘርዝሮ ማሳወቅ ለቀበሌ አያቅተውም። ዕድሮቻችንም ለቀብር የሚያዋጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ጥቂት ለዚህ ቢያስቀምጡ ቀብሩን ራሱን ሊያስቀሩ ይችላሉ።

እኛስ? ከመካከላችን ሕግ የሚያጠና አለ፤ ደንቡን ያርቅቅ። ሒሳብ የሚያጠና አለ፤ የፋታው ወጪ ምን ያህል እንደሚሆን ያስላ። ሌሎቻችን ደግሞ ለክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ በየግቢያችን ስንት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ እንደሚኖርና መብራቱ በየትኛው ወር እንደ ተቆረጠበት ጠይቀን በወረቀት እናስፍር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ፓሪስና ፊኒክስ ከሞት በኋላ የጻፉትን ሕግ እኛ ከሞት በፊት ልንጽፈው እንችላለን።