ቫትስላቭካ፦ በዓል ጠብቆ የሚወጣው እንጉዳይ

መስከረም ላይ ብቅ የምትለውን ወፍ «የመስቀል ወፍ» እንላታለን። መቼ እንደምትመጣ ስሟ ይነግረናል። ቼኮችም ዛፍ ላይ ለሚበቅል አንድ እንጉዳይ ስም ያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው፤ «ቫትስላቭካ» ይሉታል።

ስሙ ከቅዱስ ቫትስላቭ የመጣ ነው። ቫትስላቭ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቼኮችን ምድር ቦሄሚያን የገዛ መስፍን ሲሆን፣ በወንድሙ በቦሌስላቭ ሴራ ተገደለ። ቼኮች የአገራቸው ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ያከብሩታል። በዓሉ የሚውለው ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። እንጉዳዩም በጫካው ውስጥ የሚፈላው በዚያው ሰሞን ነው። ስሙን የሰማ ልጅ ቅርጫቱን መቼ እንደሚያነሳ አወቀ ማለት ነው።

ጎረቤቶቻቸው ስሎቫኮች ደግሞ «ፖድፕኞቭካ» ይሉታል፤ «ከጉቶ ሥር ያለ» እንደ ማለት ነው። ቼኮች ጊዜውን፣ ስሎቫኮች ቦታውን ይዘዋል። እውነትም ከጉቶና ከዛፍ ግርጌ ብዙ ሆኖ ተጠጋግቶ ይወጣል፤ አናቱ የማር መልክ ወይም ቡናማ ነው። ከዛፉ ቅርፊት ሥር የጫማ ማሰሪያ የሚመስሉ ጥቋቁር ክሮች አሉት። በአፈር ውስጥም በእነዚህ ክሮች ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል፤ ሕያው ዛፍን ሥሩን አበስብሶ እስከ መግደል ይደርሳል። ለቃሚው የሚደሰትበት እንጉዳይ ለደን ጠባቂው ሥጋት ነው። የቅርብ ዘመዱ በኢትዮጵያም በተተከሉ ደኖች ውስጥ የዛፍ ሥር ሲያበሰብስ ተገኝቷል።

ቫትስላቭካ ጥሬውን ወይም በወጉ ሳይበስል ከተበላ ሆድ ያውካል። ስለዚህ ጠንካራውን እግሩን ትተው አናቱን ይቀቅላሉ፤ የተቀቀለበትን ውሃ ይደፋሉ። ከዚያ በኋላ ሾርባ ይሠሩበታል ወይም ለብርዱ ወራት በሆምጣጤ ያቆዩታል።

እዚያው ጉቶ ላይ ግን መርዛማ እንጉዳዮችም ይበቅላሉ፤ ከእነሱም ሰው የሚገድል አለ። ስሙ ቀኑን ቢነግርም፣ የሚበላውን ከሚገድለው አይለይም። ይህን ማወቅ የሚቻለው ጫካውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ዓመት በዓመት አብሮ በመልቀም ነው። ቅርጫት ለልጅ የሚሰጥ አዋቂ፣ ዓይኑንም አብሮ ሊያሠለጥንለት ይገባል።