የጥላ ካቢኔ ምንድን ነው? ለአርሶ አደሩስ ምን ይፈይዳል?

በብሪታኒያ ፓርላማ የግብርናን ጉዳይ ይዘው ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ሚኒስትር ነው፤ መሥሪያ ቤት፣ በጀትና የመወሰን ሥልጣን አለው። ሁለተኛው ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሥራው የሚኒስትሩን ውሳኔዎች በየዕለቱ መከታተል፣ በምክር ቤቱ ቆሞ መጠየቅና ፓርቲው በምርጫ ቢያሸንፍ ኃላፊነቱን ለመረከብ መዘጋጀት ነው። ይህ ሰው የጥላ ሚኒስትር ይባላል። ለገንዘብ፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለመከላከያና ለሌሎችም ዘርፎች በዚሁ መልክ የተመደቡት የተፎካካሪ ፓርቲ አባላት በአንድነት የጥላ ካቢኔ ተብለው ይጠራሉ። ጥላ ሰውን እንደሚከተል ሁሉ እያንዳንዳቸው አንድ ሚኒስትርን ስለሚከተሉ ስያሜው ከዚያ የመጣ ነው።

አሠራሩ የሚመነጨው ከፓርላማዊ ሥርዓት ባሕርይ ነው። በዚህ ሥርዓት መንግሥት የሚመሠረተው ከሕግ አውጪው ምክር ቤት ውስጥ ነው። የምክር ቤቱን አብላጫ ድምፅ ያገኘ ወገን ያስተዳድራል፤ ከመንግሥት ውጭ ካሉት መካከል ብዙ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ደግሞ ዋና ተፎካካሪ ይሆናል። በብሪታኒያ ይህ ፓርቲ “የንጉሡ ታማኝ ተፎካካሪ” የሚል መጠሪያ አለው። መንግሥትን መቃወም ሀገርን መቃወም አይደለም የሚለው እምነት በዚህ ስም ውስጥ ተቀምጧል። “የንጉሡ ተፎካካሪ” የሚለው አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1826 በምክር ቤት ክርክር ላይ የተሰነዘረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ሕግ ደግሞ ለተፎካካሪው መሪ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ እንዲከፈለው ደንግጓል። ለእያንዳንዱ ዘርፍ ተጠሪ የሚመደብበት የዛሬው አሠራር መልክ የያዘው በ1950ዎቹ ነው።

አብዛኞቹ የጥላ ሚኒስትሮች ለዚህ ሥራ የተለየ ደመወዝ አያገኙም። የሚከፈላቸው እንደማንኛውም የምክር ቤት አባል ነው። ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኙት የተፎካካሪው መሪ፣ የፓርቲው ዋና ተጠሪና ጥቂት ረዳቶች ብቻ ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ መንግሥት ለተፎካካሪ ፓርቲዎች የፓርላማ ሥራቸውን የሚያግዝ ድጎማ ይሰጣል። በዚህ ገንዘብ የሚቀጠሩ ባለሙያዎች መረጃ ያሰባስባሉ፣ ረቂቅ ሕጎችን ይመረምራሉ፣ አማራጭ ፖሊሲም ያዘጋጃሉ።

የጥላ ካቢኔው ዋና መሣሪያ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ሚኒስትር በተራው ምክር ቤት ቀርቦ መልስ ይሰጣል። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚጠየቅ ሲሆን፣ የተፎካካሪው መሪ ስድስት ጥያቄ የማቅረብ ዕድል አለው። ከዚህም በላይ በአንድ የሥራ ዘመን 20 ቀናት የመወያያ አጀንዳውን የሚመርጡት ተፎካካሪዎች ናቸው፤ 17ቱ ለዋናው ተፎካካሪ፣ 3ቱ በመቀመጫ ብዛት ተከታዩ ለሆነው ፓርቲ የተሰጡ ናቸው።

ሁለተኛው ሥራ ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ምርጫ ሲቃረብ የጥላ ሚኒስትሮች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከመሥሪያ ቤቶች ከፍተኛ ቋሚ ሠራተኞች ጋር በዝግ የሚወያዩበት ልማድ አለ። ዓላማው መንግሥት ቢቀየር የሀገር ሥራ እንዳይስተጓጎል ነው። ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 የሌበር ፓርቲ የጥላ ገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። ፓርቲያቸው በግንቦት 1997 ምርጫውን ባሸነፈ በአምስተኛው ቀን፣ የወለድ ምጣኔን የመወሰን ሥልጣን ለማዕከላዊ ባንኩ መሰጠቱን ይፋ አደረጉ። እንዲህ ያለ ከባድ ውሳኔ በቀናት ውስጥ የተላለፈው አስቀድሞ ስለታሰበበት ነው።

የጥላ ካቢኔ ጥቅምም ሆነ ጉድለት ቁልጭ ብሎ የታየው ግን በቅርቡ በተነሣው የእርሻ መሬት የውርስ ግብር ጉዳይ ነው። በብሪታኒያ መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ የግል ሀብት ነው። ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ሲሆን ከእርሻው የሚገኘው ዓመታዊ ገቢ ግን ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የእርሻ መሬት በአብዛኛው ከውርስ ግብር ነጻ ሆኖ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የሌበር ፓርቲ የአካባቢ፣ የምግብና የገጠር ጉዳዮች የጥላ ሚኒስትር የነበሩት ስቲቭ ሪድ፣ ፓርቲያቸው ይህን የግብር እፎይታ የመለወጥ ሐሳብ እንደሌለው ለገጠር ባለመሬቶች ተናግረው ነበር። በሐምሌ 2024 ፓርቲው ሲያሸንፍ ሪድ የዚያው ዘርፍ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 የቀረበው በጀት ግን እፎይታውን ገደበው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሚያወጣ የእርሻ ንብረት ላይ 20 በመቶ ግብር እንዲጣል ተወሰነ። መንግሥት ለሕዝብ አገልግሎት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ፣ ባለጸጎችም ግብርን ለመሸሽ መሬት እየገዙ መሆኑን በምክንያትነት አቀረበ። አርሶ አደሮች ደግሞ ግብሩን ለመክፈል መሬታችንን ለመሸጥ እንገደዳለን በማለት ኖቬምበር 19 ቀን 2024 በሺዎች ሆነው ለንደን አደባባይ ወጡ።

አሁን ሚናው ተገላብጦ ነበር። ሥልጣኑን ያስረከበው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የራሱን የጥላ ካቢኔ አዋቀረ፤ የገጠር ጉዳዮችን ዘርፍ የያዙት ቪክቶሪያ አትኪንስም ግብሩን በምክር ቤቱ ተቃወሙ። ፓርቲው ወደ ሥልጣን ቢመለስ እርምጃውን እንደሚሽር ቃል ገባ፤ በዲሴምበር 2024 ከተፎካካሪ ቀናት በአንዱ ጉዳዩን ለክርክር አቀረበ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ተሸነፈ። ከ650 መቀመጫዎች ሌበር በምርጫው 411 ሲያገኝ ኮንሰርቫቲቭ ያገኘው 121 ብቻ ነበርና። ያም ሆኖ የአርሶ አደሩ ተቃውሞ፣ የገጠር ወረዳዎችን የሚወክሉ የገዥው ፓርቲ አባላት ቅሬታና የተፎካካሪዎች ክርክር ተደማምሮ በዲሴምበር 2025 መንግሥት የ1 ሚሊዮን ፓውንዱን ወለል ወደ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ከፍ አደረገው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ የጥላ ሚኒስትር ቃል ሕግ አለመሆኑ ነው። ከሥልጣን ውጭ ያለ ሰው ካዝናውን ስለማይዝ ተስፋ መስጠት ይቀለዋል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚገጥመው የገንዘብ ጥያቄ ሌላ ነው። የጥላ ካቢኔ በድምፅ ብልጫም መንግሥትን ማስቆም አይችልም። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ቃሉ ስምና ቀን ያለው በመሆኑ አርሶ አደሩ ያን ጊዜ ምን እንደተባለ ጠቅሶ መጠየቅ ችሏል። ተፎካካሪው “መንግሥት ተሳስቷል” ብሎ ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ የሚጠቀስ ቃል አይኖርም ነበር።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 45 ፓርላማዊ ሥርዓትን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 56 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች አስፈጻሚውን አካል ያደራጃሉ። የጥላ ካቢኔ ግን በአንቀጽ ብቻ የሚቆም አይደለም። ለእያንዳንዱ ሚኒስቴር ሰው መመደብ የሚችል፣ በምክር ቤት በቂ መቀመጫ ያለው ተፎካካሪ ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ መያዛቸው ይታወሳል። በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው መንግሥት ደግሞ የአንዳንድ ተፎካካሪ ፓርቲዎች መሪዎች ራሳቸው ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል። ይህ ከጥላ ካቢኔ የተለየ መንገድ ነው፤ አንዱ ተፎካካሪን ወደ አስፈጻሚው ያስገባል፣ ሌላው ከውጭ ቆሞ እንዲቆጣጠር ያደርገዋል።

የጥላ ካቢኔ ይኑርም አይኑር፣ ከአሠራሩ የሚገኘው ቁም ነገር ለማንኛውም መራጭ ይጠቅማል። ድምፅ የሚጠይቅ ፓርቲ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ መሬት ይዞታ ምን እንደሚያደርግ፣ ወጪውን ከየት እንደሚሸፍንና ለዚህ ማን ኃላፊ እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ በግልጽ ከተሰጠና ከተመዘገበ፣ ከምርጫ በኋላ የሚጠየቅበት መሠረት ይኖራል።