እንቅልፍ ከጣሳ አይገዛም

እናት ወይም አባት ከሆኑ የምጽፈውን ነገር ገና ሳይጨርሱት ያውቁታል። ገና ካልሆኑም አንድ ቀን ይደርስብዎታልና ጥቂት ቢታገሡኝ አይጐዱም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሰፈሩ ጭር ብሎ ከውሻ ጩኸት በቀር የሚሰማ የለም። ሕፃኑ ከመሸ ለ3ኛ ጊዜ ነቅቶ ያለቅሳል። እናቲቱ ዐይንዋን በቅጡ ሳትገልጥ ትነሣለች። አባትዬው ግን ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ስቦ፣ «ይህ ልጅ አይጠግብም፤ ነገ ሌላ ዓይነት ወተት መግዛት አለብን» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሌላ ሰው የማማ እንዳይመስልዎ፤ ያ አባት እኔ ራሴ ነበርሁ።

ያን ጊዜ ልጃችን 10 ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የባለቤቴም የወሊድ ፈቃድ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይደግ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ ይሞላዋል። እኛም ጡቱን ሳንተው ማታ ማታ የጣሳ ወተት መጨመር ጀምረን ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ጐራ አልሁ። ጣሳዎቹ በመደርደሪያው ላይ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል፤ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2፣ ቁጥር 3። ሻጩ ችግሬን ሰምቶ፣ «ወንድሜ፣ ቁጥር 2ን ውሰድ፤ ያጠግባል፣ ያስተኛል» አለኝ። ከፍዬ ወሰድሁ። ማታ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ሊጠይቁን መጥተው፣ «አንድ ማንኪያ ጨመር አድርጋችሁ አወፍሩት እንጂ! ውሃ ጠጥቶ እንዴት ይተኛል?» አሉን። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ነበር። ስለዚህ ቁጥር 2ን፣ ያውም አንድ ማንኪያ ጨምረን፣ 2 ሌሊት ሰጠነው። ልጁ በሁለቱም ሌሊት እንደ ልማዱ ነቃ። አዲስ ነገር ቢኖር ሆዱ መድረቁና ለቅሶው መብዛቱ ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በ3ኛው ቀን የ10 ሳምንት ክትባቱ ነበርና ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ልጁን መዘነች፤ ክብደቱን በካርዱ ላይ ካለው መሥመር ጋር አስተያየች፤ ከዚያም ምን እንደምንሰጠው ጠየቀችን። ነገርናት። ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ይህ ልጅ ክብደቱ እንደሚገባው እየጨመረ ነው። አልጠገበም ያላችሁ ማን ነው? የጐደለው ወተት አይደለም፤ የጐደለው የእናንተ እንቅልፍ ነው» አለችን። ዱቄት ማብዛት የሚያመጣውን አደጋ ስታስረዳን፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተማርሁ የምለው ሰው ወደ መሬት ማየት ጀመርሁ።

ሕፃን ሌሊት ለምን ይነቃል?

ከዚያ ወዲህ ጠይቄም አንብቤም የተረዳሁት እንዲህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ የሰውነቱ ሰዓት መስተካከል የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው። ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ የተለመደ ነው። እንቅልፉም እንደ እኛ እንቅልፍ አይደለም። አንዱ ዙር 1 ሰዓት ያህል ብቻ የሚቆይ ሲሆን ግማሹ ቀላል እንቅልፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ይንፈራገጣል፣ ያጕረመርማል፣ ዐይኑንም ገለጥ ያደርጋል። እኛ «ነቃ» ብለን ጡጦ ይዘን የምንሮጠው ብዙ ጊዜ ገና ተኝቶ ሳለ ነው።

ሌላም የማናስተውለው ነገር አለ። የእናትን ወተት የሚያሠራው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከቀን ይልቅ በሌሊት ይበዛል። ስለዚህ እናት የሌሊቱን ማጥባት ትታ በጣሳ ወተት ብትተካው፣ የነገው ወተቷ እያነሰ ይሄዳል። ወተቷ ሲያንስ ሌላ ጣሳ ያስፈልጋል፤ ሌላው ጣሳ ደግሞ የቀረውን ወተት ያሳንሳል። እንቅልፍ ፍለጋ የተገዛው ጣሳ እንዲህ አድርጎ ሌላ ጣሳ ይጠራል።

«የሚያጠግብ» የሚባለው ወተት

ወተት ሲረጋ አይቡና አጓቱ እንደሚለያይ ከእናቶቻችን ማጀት ያየነው ነው። የሕፃናት ወተት ልዩነትም በአብዛኛው ከዚሁ ላይ ነው። ቁጥር 1 ውስጥ ካለው ፕሮቲን፣ የእናትን ጡት እንዲመስል ተብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 እጁ የአጓት፣ 40 እጁ የአይብ ነው። «ለሚራብ ሕፃን» እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ግን እንደ ላም ወተት 80 እጁ የአይብ ነው። የአይቡ ፕሮቲን በሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ «ያጠግባል» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ለወላጆች በሚሰጠው ምክር ላይ፣ ይህን የጠጣ ሕፃን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚተኛ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ በግልጽ ጽፏል።

በጡጦው ውስጥ አጥሚት ወይም የእህል ዱቄት መበጥበጥም እንዲሁ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከመቶ በላይ ሕፃናትን ከፍሎ፣ ለአንዳንዶቹ ማታ ማታ የሩዝ ዱቄት ቢሰጥ ከሌሎቹ የተለየ እንቅልፍ አላገኙም። እንዲያውም ከ6 ወር በፊት እህል መስጠት ለሕፃኑ አይመከርም። ማር ደግሞ 1 ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ መቅመስ የለበትም።

ታዲያ ሻጩ «ያስተኛል» ያለኝ ከየት አምጥቶ ነው? ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1867 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኔስትሌ በስዊስ አገር በቬቬ ከተማ ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር ያዘጋጀው ምግብ ጡት ላጡ ሕፃናት ታስቦ ነበር። ንግዱ ግን ጡት ወዳላቸውም ደረሰ። በ1939 እ.ኤ.አ. ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ ሐኪም በሲንጋፖር ባደረጉት ንግግር፣ የጣሳ ወተትን ለእናቶች በማሳመን መሸጥ ሕፃናትን እየገደለ መሆኑን በድፍረት ተናገሩ። በመጨረሻም በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ጉባኤ በ118 ድምፅ ድጋፍና በ1 ተቃውሞ አንድ ደንብ አጸደቀ። በዚህ ደንብ መሠረት የሕፃናትን ወተት ለሕዝብ ማስተዋወቅ፣ ለእናቶች ናሙና በነፃ ማደል፣ በጣሳው ላይም የሕፃን ሥዕል ማተም አይገባም። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ «ያስተኛል» የሚል ቃል ከሰሙ ምክር ሳይሆን ማስታወቂያ መሆኑን ይወቁ።

መግዛት ግድ ከሆነ

ይህን ስል የጣሳ ወተት የሚገዛውን ወላጅ መንቀፌ አይደለም። እናት ትታመማለች፤ ትሞታለች፤ ሥራዋ ያስገድዳታል። ወተቱ ባይኖር የማይተርፍ ሕፃን አለ። ስለዚህ መግዛት ግድ ሲሆን ልብ የሚባሉትን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ዕድሜውን ይመልከቱ። ቁጥር 1 ከልደት እስከ 12 ወር ይበቃል። ቁጥር 2 ከ6 ወር በፊት አይሰጥም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የዓለም የጤና ድርጅት አስፈላጊ አይደለም ይላል። የላም ወተት፣ ለአዋቂ የሚሸጥ የዱቄት ወተትና ጣፋጩ የቆርቆሮ ወተት 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ዋና ምግብ አይሆኑም።

ሁለተኛ፣ ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ አይምሰልዎ። ለሕፃናት ወተት የተደነገገውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟሉ ሁሉ በዋናው ነገር ተቀራራቢ ናቸው። ይልቁንስ በሰፈርዎ ሳይጠፋ የሚገኘውን፣ ለብዙ ወር ሊገዙት የሚችሉትን ይምረጡ። የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ የተቀጠቀጠ ወይም ክዳኑ የተነካ ጣሳ አይውሰዱ።

ሦስተኛ፣ ከአኩሪ አተር የተሠራውን፣ ላክቶስ የሌለውንና ለአለርጂ የሚሆነውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ።

አራተኛ፣ አዘገጃጀቱን አይናቁ። የወተቱ ዱቄት ከተሕዋስያን ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ስለዚህ የሚበጠበጥበት ውሃ ከፈላ በኋላ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ 3 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፤ ካወረዱትም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይበጥብጡት። ከዚያ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው ያብርዱና በእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩ። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋ። ለሌሊት ብለው የተበጠበጠ ጡጦ ራስጌ አያሳድሩ፤ ሲነቃ አዲስ ይበጥብጡ። ጡጦ ማጽዳት አስቸጋሪ በሆነበት ቤት ደግሞ ንጹሕ ሲኒ ይበልጣል፤ ሕፃን ከሲኒ መጠጣት ይችላል።

የደመወዝ ሒሳብ

አሁን ወደ እውነተኛው ፈተና እንምጣ። በጣሳ ወተት ብቻ የሚያድግ 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በጠቅላላው 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ለዚህ 120 ግራም ያህል ዱቄት ያስፈልጋል። እንግዲህ ባለ 400 ግራም ጣሳ ከ3 ቀን ብዙ አያልፍም፤ በወር 9 ጣሳ መሆኑ ነው። የአንዱን ጣሳ ዋጋ በ9 አባዝተው ከደመወዝዎ ጋር ያስተያዩት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ብዙ ቤት ውስጥ በዝምታ የሚደረገውን ነገር ሁላችንም እንጠረጥራለን፤ ማንኪያው ይቀነስና ውሃው ይበዛል። የቀጠነ ወተት ሕፃኑን ያቀጭጨዋል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶም እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። የወፈረው ደግሞ፣ እኔ ለ2 ሌሊት እንዳደረግሁት፣ ኩላሊቱን ያደክማል፤ የሰውነቱንም ውሃ ያደርቃል። ስለዚህ ጣሳ ላይ የተጻፈው ልክ በምንም ምክንያት አይነካም። አቅም የሚያጥር ከሆነ አስቀድሞ ለጤና ባለሙያ መንገር እንጂ በውሃ መሸፈን አይገባም።

ርካሹ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከእጃችን ነው። የታለበ የእናት ጡት ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ብዙ በማይሞቅ ክፍል 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል። የሕፃናት ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶችም አሉ፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ከሌለ ጥያቄውን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋልና ለምን እርስዎ አይሆኑም?

የሌሊቱ ሥራ የማን ነው?

እኛ ቤት የተደረገውን ልንገርዎ። የቁጥር 2ን ነገር ተውን። ባለቤቴ ቀን ቀን እያለበች ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ማታ በ4 ሰዓት የሚሰጠውን እኔ አጠጣዋለሁ፤ በትከሻዬም ላይ አድርጌ አስገሳዋለሁ። እርሷ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምራ ትተኛና የሌሊቱን ታጠባለች፤ ሽንት ጨርቁን የምቀይረውና እሹሩሩ የምለው እኔ ነኝ። መብራቱን አናበራም፤ ጨዋታም የለም፤ ሕፃኑ ሌሊት ሌሊት መሆኑን ይማር ዘንድ። በጀርባው እናስተኛዋለን።

ልጁ ታዲያ መንቃቱን ተወን? የለም። እስከ 5 ወሩ ድረስ በየሌሊቱ 2 ጊዜ ይነቃ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ሌሊትና ሁለት ሰዎች የሚካፈሉት ሌሊት አንድ አይደለም። ባለቤቴም ወደ ሥራዋ ስትመለስ እንደ ፈራነው ተሰባብራ አልሄደችም።

ሆኖም መንቃት ሁሉ ጤና ነው ብለው አይዘናጉ። ሕፃኑ 3 ወር ሳይሞላው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ መጥባት እንቢ ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ በሰገራው ደም ከታየ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው ለሚያስቆርጡ ግን አያስነኩት።

ያ የገዛሁት የቁጥር 2 ጣሳ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ጠመኔ አስቀምጥበታለሁ። ባየሁት ቊጥር ያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ትዝ ይለኛል። ዛሬ ሌሊት ልጅዎ ቢያለቅስ፣ ስለሚገዙት ጣሳ ከማሰብዎ በፊት ተነሥተው ያቅፉት።