ግሱን ወደ ፊት አምጣው

በቆጂ ማለዳ የተነሳ ሰው ልጆች ተከታትለው ሲሮጡ ያያል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ከተማ ናትና አይገርምም። ረፋዱ ላይ ግን እነዚያኑ ልጆች ሌላ ዳገት ይጠብቃቸዋል፤ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር።

ዳገቱ ቀላል አይደለም። የኦሮሚያ ልጅ በታችኞቹ ክፍሎች የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግዲህ መልሱን እያወቀ መጻፍ ያቃተውን ልጅ ሰነፍ እንበለው?

ስህተቱ እኮ ብዙ ጊዜ ከቤት የመጣ ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ደራርቱ ውድድሩን አሸነፈች» እንላለን። ልጁ ይህንኑ ቃል በቃል ይዞ «ደራርቱ ዘ ሬስ ዎን» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ቀጥሎ ግሱን፣ ከዚያ ተሳቢውን ይፈልጋል፦ «ደራርቱ ዎን ዘ ሬስ»።

ሁለተኛው ችግር ባለቤቱን መዋጥ ነው። እኛ «ትሮጣለች» ስንል «እሷ» መሆኗ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን «ሺ» ካልተባለ ማን እንደሮጠ አያውቅም። የበቆጂን ብርድ ለመናገር እንኳ ባለቤት ያሻል፤ «ኢዝ ኮልድ» አይበቃም፣ «ኢት ኢዝ ኮልድ» ነው።

ሦስተኛዋ ትንሿ «ኤስ» ናት። «አይ ረን» እንላለን፤ ስለ እሷ ሲሆን «ሺ ረንስ»። የእኛ ግስ እሮጣለሁ፣ ትሮጣለህ፣ ትሮጫለሽ እያለ በየሰዉ ሲለዋወጥ ያልከበደው ልጅ፣ አንዲት «ኤስ» አታቅተውም።

መፍትሔው ደንብ መሸምደድ ብቻ አይደለም። ሯጭ በአንድ ቀን 10 ሺህ ሜትር አይደርስም፤ ርቀቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል። ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው። ዛሬ «ደራርቱ ዎን» ብለህ ጻፍ። ነገ «ዘ ሬስ» ጨምር። ከነገ ወዲያ «ኢን ባርሴሎና»። በመጨረሻ ዓመቱን አስገባ፤ ለእኛ 1984 ዓ.ም. የነበረው ለእነሱ 1992 መሆኑን ግን አትርሳ።

ወላጆችም «እንግሊዝኛ አልችልም» ብላችሁ አትሽሹ። ማታ ደብተሩን ገልጣችሁ «ዛሬ ስንት ዓረፍተ ነገር ጻፍክ?» ብሎ መጠየቅ እንግሊዝኛ አይፈልግም።