ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። «መምህር ደግሞ መኪና ከየት አምጥቶ ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እኔ ያለኝ ጠመኔና ጃንጥላ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ካኩማ መኪና የሌለን ሰዎች ከመኪና ጋር እየተጋፋን ስለምንኖር፣ ጉዳዩ ከባለመኪናው ይልቅ እኛንና ልጆቻችንን ይመለከታል።

ነገሩ የጀመረው ካኩማ አንድ፣ በሐበሻው ገበያ ነው። አንድ ነጭ ፒካፕ ዱቄትና ዘይት አራግፎ ወደ ኋላ ሊወጣ ሞተሩን አስነሣ። ሹፌሩ ወጣት ቢሆንም ጥንቁቅ ልጅ ነው። የግራውን ስፖኪዮ አየ፣ የቀኙን አየ፣ ጋቢና ውስጥ ያለውንም አየ፤ ማንም የለም። የኋላ ማርሽ አስገብቶ ሊንቀሳቀስ ሲል ቡና የሚያፈሉት እትዬ «አንተ፣ ቁም! ልጅ አለ!» ብለው ጮኹ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆርኪ እየለቀመ ነበር።

ልጁ ቆርኪውን ይዞ እየሳቀ ሮጠ። ሹፌሩ ግን ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «መምህር፣ አይቻለሁ እኮ! ሦስቱንም አይቻለሁ!» አለኝ። አልዋሸም።

በማግሥቱ ባለቤቱን አስፈቅጄ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። ቁልፉ ተነቅሎ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ እኔ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ልጆች ከካሶኒው ኋላ ቁጢጥ እንዲሉ አደረግሁ። በአንዱም ስፖኪዮ አንድ ፀጉር አልታየኝም፤ ሳቃቸው ብቻ ይሰማኛል። ቀጥሎ አንዷን ልጅ በግራ በኩል፣ ከጋቢናው ትንሽ ወደ ኋላ አቆምኳት። በስፖኪዮው የለችም፤ ዞር ብዬ በመስኮት ብመለከትም የጋቢናው ምሰሶ ይጋርዳታል። ሹፌሮች ይህን ቦታ «ብላይንድ ስፖት» ይሉታል፤ ሹፌሩ ጤነኛ ዓይን እያለው የማያየው ቦታ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፣ መሪውም በግራ ነው። ኬንያ ተቃራኒው ነው፤ መኪና ግራውን ይዞ ይሄዳል፣ ሹፌሩ በቀኝ ይቀመጣል። ስለዚህ ለሹፌሩ በጣም የሚርቀውና የሚሰወረው የግራው ጎን ነው። እግረኛው፣ ውኃ የተሸከመችው ሴት፣ ተማሪው የሚሄዱት ደግሞ በዚያው በግራው የመንገድ ዳር ነው። ቦዳቦዳውም ሾልኮ የሚገባው በዚያው ነው!

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የፒካፑ ባለቤት ጋሼ ከናይሮቢ አንድ ካርቶን ይዘው መጡ። በካርቶኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ራዳሮች፣ አንድ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ሁለት መብራቶች፣ አንድ ጩኸት ማሰሚያና ብዙ ሽቦ ነበረ። በውጭ አገር ይህ መሣሪያ ከፋብሪካው ከመኪናው ጋር ይመጣል። ቮልቮ እ.ኤ.አ. ለ2005 ሞዴል መኪኖቹ በስፖኪዮ ሥር ካሜራ አድርጎ አቅርቦት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች በራዳር ይሠሩታል። የእኛ ፒካፕ ግን ከመሪ፣ ከፍሬንና ከክላክስ በቀር ብዙ ነገር የሌለው ስለሆነ፣ የግድ ከተገዛ በኋላ መጨመር ነበረበት።

የራዳሩ ሥራ እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ «በጎንህ አንድ ነገር እየመጣ ነው» ብሎ በዚያው ወገን ያለውን መብራት ያበራል። ሹፌሩ በዚያ አቅጣጫ ፍሬቻ ካሳየ ደግሞ ይጮኻል። ለዚህም ነው ሽቦው ከፍሬቻው ጋር የሚያያዘው።

ገጠማውን የሠራው እዚሁ ካምፕ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚጠግን ወንድማችን ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ሲሞከር ምንም የለም፤ መብራቱ ዝም። «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብለው ጋሼ ተናደዱ። ለካስ ወንድማችን ድንጋይ እንዳይመታው ብሎ ራዳሩን ከብረቱ ፓራውልት በስተጀርባ ደብቆታል። የዘመኑ የቤት መኪና ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ ሞገዱ ያልፋል፤ ብረት ግን ይመልሰዋል። ፎርድ ፋብሪካ እንኳ ኤፍ 150 በሚባለው ፒካፑ ላይ ራዳሩን የሚያስቀምጠው በኋላ መብራቱ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ቀን ከቁራጭ ብረት መያዣ ተሠርቶ ራዳሮቹ ከኋላ መብራቶቹ በታች ወደ ውጭ እንዲያዩ ሲደረግ መብራቱ በራ። ጋሼም ቡና ጋበዙን።

ሌላም ችግር ገጠመን። በካሶኒው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያንጠለጠሉ መንገደኞች ራዳሩን ያስጮኹታል፤ የተንዘለዘለ ገመድና ከኋላ የወጣ ጆንያም እንዲሁ። አቧራ ብዙም አይጎዳውም፤ ላጋው ሞልቶ ሲጎድል የሚለጠፈው ወፍራም ጭቃ ግን መጠረግ አለበት።

በሎኪቾጊዮ መንገድ አብሬ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ይሠራል። ከኋላ የመጣ ሞተር ብስክሌት በስፖኪዮ ከመታየቱ በፊት መብራቱ በራ፤ ሹፌሩ ወደ ግራ ሊወጣ የነበረውን ተወ። የሞተሩ ነጂ ምን እንዳለፈው እንኳ ሳያውቅ ፈገግ ብሎ እጁን አነሣልን።

ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንድ ቀን ገበያው ውስጥ ሹፌሩ ስፖኪዮውን ሳያይ ወደ ኋላ ሊነዳ ሲል ያዝኩት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«መምህር፣ መብራቱ አልበራም እኮ። ካልበራ ማንም የለም።»

እኔም «ያ የቆርኪው ልጅ ዛሬም ከጎማው አጠገብ ቢቀመጥ ይበራልሃል?» አልኩት። ወረድንና ሞከርነው፤ እኔው ራሴ ከካሶኒው ኋላ ቁጢጥ አልኩ (ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም)። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬኑ ተይዞ። መብራቱ አልበራም። መሣሪያው የተሠራው በአውራ ጎዳና ላይ በጎን የሚመጣን ተሽከርካሪ እንዲያይ ነው፤ ቆሞ የሚጫወትን ሕፃን እንዲያይ አይደለም።

ከዚያ ቡና እየጠጣን የማውቀውን ነገርኩት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ሐኪም በገዛ ቤቱ ደጃፍ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የሁለት ዓመት ልጁን ገጭቶ ገደለው። ሰውዬው ግዴለሽ አልነበረም፤ ልጁ አጭር ስለሆነ ነው ያልታየው። አባትየው ለዓመታት ተሟግቶ በ2008 በሕፃኑ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮም እዚያ ለሽያጭ የሚሠራ አዲስ ትንሽ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ሹፌሩ ሰምቶ ሲያበቃ ስኒውን አስቀመጠና ዝም አለ።

ጋሼ አሁን የኋላ ካሜራ ለማስመጣት ገንዘብ እያጠራቀሙ ነው። ለጊዜው በሁለቱም ስፖኪዮዎች ጥግ ላይ የምትለጠፍ ክብ ጎበጥ ያለች መስታወት ገዝተዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከዚህ ነበር መጀመር የነበረበት። ዋጋዋ ከራዳሩ ጋር አይወዳደርም፣ ሽቦም አያስፈልጋትም። ሰፊ ቦታ ታሳያለች፤ ነገር ግን ነገሮችን ከእውነተኛ ርቀታቸው አርቃ ስለምታሳይ መልመድ ይጠይቃል። ስትለጥፏት መስታወቱን በአልኮል ጥረጉት፤ አለዚያ በዚህ ሙቀት ሙጫው ይለቃል። የኛ የመጀመሪያዋ በሦስተኛው ቀን ወድቃ ጠፍታለች።

ተማሪዎቼን ደግሞ አንድ ነገር አስተምሬያለሁ፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላያችሁ፣ ሹፌሩም እናንተን አያያችሁም። ወላጆች ይህን በቤት ብትደግሙላቸው ደስ ይለኛል።

ትናንት እትዬ ዘንድ ቡና ስጠጣ ፒካፑ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ መጣና ካሶኒውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ጧ ጧ አደረገ፣ መኪናውን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። የቆርኪው ልጅ በዱካ ላይ ተቀምጦ ያየው ነበርና «ጋሼ፣ ማንም የለም! እኔ እዚህ ነኝ!» አለው። ሹፌሩ ሳቀና እንደገና አንድ ጊዜ ዞሮ አየ።