አረጋውያን የሚውሉበት ቤት በቀበሌያችን እንዴት ይቋቋማል?

ገበሬ ወገናችን! በእርሻ ወራት ጧት ከቤት ስትወጡ ቤት ማን ይቀራል? ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ይለቅማሉ፤ ገበያ ይወጣሉ። ቤት የሚቀሩት ሽማግሌው አባትና አሮጊቷ እናት ናቸው። ምሳ ካልተሰናዳላቸው ሳይበሉ ይውላሉ። ቢወድቁ ማታ ከብት ሲገባ ነው የሚታወቀው።

ቀድሞ በአንድ ግቢ ብዙ ሰው ይኖር ነበር። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይቀራል። ዛሬ ከምዕራብ ሸዋ ገጠር ብዙ ወጣት ሥራና ትምህርት ፍለጋ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ ሄዷል። አዲስ አበባ የገባውም ብዙ ነው። ወጣቱ መሄዱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ወላጆቹ ብቻቸውን ይውላሉ። ታዲያ ምን ይደረግ?

አንዱ መፍትሔ የአረጋውያን መዋያ ቤት ነው።

እነዚህ አረጋውያን እነማን ናቸው?

የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ከ70 ዓመት አልፏል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከእርሻ መልስ ደክሞት ፊደል የቆጠረው የዚያ ዘመን ሰው ነው። በየገበሬ ማኅበሩ ለትምህርት ቤት እንጨት የተሸከመችው፣ ጭቃ ያቦካችው የዚያ ዘመን ሴት ናት። ዛሬ ልጆቻችን የሚማሩት በእነርሱ ድካም ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ በየወሩም ይከፈለዋል። ገበሬ ግን የወር ጡረታ የለውም። የገበሬ ጡረታው ልጁና ጎረቤቱ ናቸው።

መዋያ ቤት ማለት ምን ማለት ነው?

መዋያ ቤት መጦሪያ አይደለም። ሁለቱን አንቀላቅል። መጦሪያ የሚገባው ቤትና ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ እዚያው ይኖራል። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው መቄዶንያ እንዲህ ያለ ነው። ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይኖሩበታል።

መዋያ ቤት ግን ሌላ ነው። አረጋዊው ጧት ይመጣል፤ ምሳ ይበላል፤ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። ልጆቹ ከኃላፊነታቸው አይወርዱም። ጎረቤት የሚያግዛቸው ቀን ቀን ነው።

በሌላውም አገር አለ። በኩባ «የአያቶች ቤት» ይሉታል፤ ቀን ውለውበት ማታ ቤታቸው ይገባሉ። በጃፓን መንግሥት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚሆን መድን አቋቁሟል። እዚያ አረጋውያኑ ጧት በመኪና ይወሰዳሉ፤ ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ምሳ በልተው ይመለሳሉ። እኛ መኪናው የለንም። እኛ ያለን እድር ነው።

እድሩ ለምን አይጀምረውም?

እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እስቲ እናስብ። አሮጊቷ በሕይወት ሳሉ አንድ ሳህን ትኩስ ገንፎ አጥተው፣ በቀብራቸው ቀን መቶ ሰው ቢበላ ምን ይጠቅማቸዋል? እድር ለሙታን ብቻ መሆን የለበትም። በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች በኤች አይ ቪ ለታመሙ ወገኖችና ወላጅ ላጡ ልጆች ረዳት ሆነው ሠርተዋል። በኦሮሞ ባህልም ቡሳ ጎኖፋ የሚባል የመረዳጃ ሥርዓት አለ። የጎደለበትን ወገን ሌላው አዋጥቶ ይደግፈዋል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ወጪው ስንት ነው? እስቲ እናስላው

እድራችሁ 80 አባወራ አለው እንበል። 15 አረጋውያን አሉ። መዋያ ቤቱ በሳምንት 2 ቀን ይከፈታል።

በየቀኑ 2 ቤተሰብ ተራ ገብቶ ምሳ ቢያመጣ፣ አንዱ ቤተሰብ ለ7 ወይም ለ8 ሰው ያቀርባል። በሳምንት 4 ቤተሰብ ተራውን ይፈጽማል። 80 ለ4 ሲካፈል 20 ይሆናል። እንግዲህ ተራው የሚደርሳችሁ በ20 ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። በዓመት ከ3 ጊዜ አይበልጥም። ይህ ያደኸያል? አያደኸይም።

አባወራው በወር 10 ብር ቢያዋጣ 800 ብር ይሆናል። ለጨው፣ ለሳሙናና ለከሰል መነሻ ነው። እህል ግን የሚዋጣው በታኅሣሥና በጥር፣ አውድማ ላይ ሳለ ነው። አንድ አንድ ቁና ቢዋጣ 80 ቁና በጎተራ ይቀመጣል። በሐምሌና በነሐሴ፣ እህል በሚጠፋበት ጊዜ፣ ያ ያኖራችሁት ያወጣችኋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም?

ሥራው እንዴት ይጀመራል?

1ኛ. ኮሚቴ ምረጡ። 5 ሰው ይበቃል። ከ5ቱ 2ቱ ራሳቸው አረጋውያን ይሁኑ። ሴቶችም ይኑሩበት፤ ብቻቸውን ከሚኖሩት ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው እናቶች ናቸውና። ለቀበሌውና በወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። ስለዚህ ሄዶ መጠየቅ ልመና አይደለም።

2ኛ. ቤት ፈልጉ። አዲስ መሥራት የግድ አይደለም። የእድሩ ዕቃ ቤት ወይም የቀበሌው አዳራሽ ይሆናል። ሜዳ ላይ ያለ፣ ደረጃና ከፍ ያለ መድረክ የሌለው ይሁን። ማብሰያው ለብቻ ይሠራ፤ ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። መደገፊያ ያለው መደብ ሥሩ። ሽንት ቤቱ ቅርብ ይሁን፤ መቀመጫና በእጅ የሚይዙት እንጨት ይኑረው። አረጋዊ ሰው ቁጢጥ ብሎ መነሣት ይቸግረዋል።

3ኛ. ሰዓት ቁረጡ። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይበቃል። በሳምንት 2 ቀን ጀምሩ። በክረምት ጭቃው ስለማያስኬድ ወጣቶች ደግፈው ያምጧቸው። ከአልጋ መነሣት ለማይችለው ምሳው ቤቱ ድረስ ይሂድለት።

4ኛ. መዝገብ ያዙ። አንባቢ ሆይ፣ የተማራችሁት ፊደል እዚህ ላይ ይሠራል። ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ገጽ ስጡ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቅርብ ዘመዱን፣ ሕመሙንና የሚወስደውን መድኃኒት ጻፉ። የመጣበትን ቀን ምልክት አድርጉ። ሁለት ቀን የቀረ ካለ ሰው ይላክበት።

5ኛ. ገንዘቡን ለሁለት ሰው ስጡ። አንዱ ይያዝ፤ ሌላው ይመዝግብ። ገንዘብ ያዡና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁኑ። በየወሩ ገቢና ወጪው በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሐሜት የሚመጣው ሒሳብ ሲደበቅ ነው።

ምን ይበላሉ? እንዴት ይጠበቃሉ?

ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ አይሆንም። የአጃ ወይም የገብስ ገንፎ፣ ላላ ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ባቄላ፣ በደንብ የበሰለ ጎመንና ድንች፣ ሲገኝ እርጎ ይስማማቸዋል። ጨው አታብዙ፤ ደም ግፊት ያባብሳል። አረጋዊ ሰው ውሃ ቢጎድለውም ጥሙ ብዙ አይሰማውም። ስለዚህ ሳይጠይቅ ስጡት፤ ውሃው የፈላና የቀዘቀዘ ይሁን።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንድ ጊዜ እንድትመጣ ጠይቁ። የአንዱን ሰው ኪኒን ለሌላው አትስጡ። ዓይኑ በሞራ የተጋረደ ሰው «እርጅና ነው» ተብሎ አይተው፤ ሞራው በሐኪም ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ብዙ ሰውም መልሶ ያያል። የቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ መታደሱንም ተከታተሉ።

አንድ ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ የልጁን ስም የሚረሳ፣ የቤቱ መንገድ የሚጠፋው ሽማግሌ አለ። ይህ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። እርግማን አይደለም፤ ጋኔንም አይደለም። አትቆጡት፤ አታስሩት። በለሰለሰ ቃል መልሱለት። ብቻውንም አትስደዱት።

በሚያውቁት ቋንቋም አነጋግሯቸው። በእኛ አካባቢ ብዙው አረጋዊ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። አባባ፣ እማማ፣ አኮ እያላችሁ በማዕረግ ጥሯቸው።

እጃቸውን አጣጥፈው ብቻ እንዲውሉም አናድርግ። እናቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ሰፌድ ይሰፋሉ። አባቶች የችግኝ መደብ ያሳያሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጎራ ብለው ያንብቡላቸው፤ ተረትም ይስሙ።

ስለ መሬት አንድ ብርቱ ጥንቃቄ

ይህን በደንብ አንብቡት። ከአረጋዊ ሰው ምንም ዓይነት ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በመዋያ ቤቱ አይወሰድ። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ኮሚቴው አይያዝ። «እኛ እንጦርሃለን፤ መሬቱን ለእኛ አውርስ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። ጧሪ መስሎ መሬት የሚፈልግ ሰው ሊመጣ ይችላል። ይህ አንድ ጊዜ ከተደረገ አረጋውያኑም ልጆቻቸውም ቤቱን ይሸሹታል። ስለዚህ ደንቡን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ በስብሰባም አንብቡት።

ቀጥሎስ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1983 ዓ.ም. የአረጋውያን ቀን እንዲከበር ወስኗል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ የሚደርቅበት ወር ስለሆነ ለመክፈቻ ይመቻል። እስከዚያ ቤቱን ጠግኑ፤ መደቡን ሥሩ፤ ተራውን አውጡ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦

1. በቀበሌያችን ቀን ቀን ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን ስንት ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።
2. የትኛው ቤት ለመዋያ ይሆናል? ምን ይጎድለዋል?
3. እድራችን ስንት አባወራ አለው? ተራው በስንት ሳምንት ይደርሰናል? አስሉት።
4. ዛሬ 40 ዓመት የሆነን እኛ ከ30 ዓመት በኋላ ማን ምሳ ይሰጠናል?