ተማሪው ራሱ ሞክሮ የሚማርበት ዘዴ፤ የላስታን አፈር ለሳይንስ ትምህርት መጠቀም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ማዳበር ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይህ ችሎታ የሚገኘው ገለጻ በማዳመጥ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ራሱ ጠይቆና ሞክሮ ከውጤቱ ድምዳሜ ላይ ሲደርስ ነው። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በመስማት ሳይወሰን የራሱን ቆጥሮ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በሳይንስ ክፍል ግን የመሣሪያ እጥረት ብዙ ጊዜ እንደ እንቅፋት ይጠቀሳል። ይህ ጽሑፍ እንቅፋቱ በላስታ ደጋ እንዴት ሊታለፍ እንደሚችል ያስረዳል።

የተከዜ ወንዝ የሚመነጨው ከላስታ ተራሮች ነው። በክረምት ከየተረተሩ የሚወርደው ጎርፍ ደፍርሶ መፍሰሱን የአካባቢው ሕፃን ሁሉ ያያል። ስለሆነም «ውኃው ለምን ይደፈርሳል?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቹ ከራሳቸው ሊመነጭ ይችላል።

ለሙከራው በቁመታቸው የተሰነጠቁ ሁለት አሮጌ ጄሪካኖች ይበቃሉ። በአንደኛው ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው ከነሥሩ የተነሣ ሣር ከነአፈሩ ይሞላል። ሁለቱም አፋቸው ወደ ታች ሆኖ በእኩል መጠን እንዲያዘቀዝቁ ይደረጋል፤ ከየአፋቸው ሥርም ጣሳ ይቀመጣል። ውኃ ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ግምቱንና ምክንያቱን ይጽፋል። ከዚያም እኩል ውኃ ቀስ ተብሎ ይፈስባቸዋል። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውኃ ይበልጥ የደፈረሰ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጊዜ መምህሩ መልሱን ለመናገር መቸኮል አይገባውም። «ተዳፋቱ ቢጨምርስ? ድንጋይ በአግድም ቢደረደርስ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ተማሪዎቹ እንዲያነሡ ጊዜ ይስጣቸው። የመምህሩ ተግባር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲለወጥ መቆጣጠር ነው። ተማሪዎቹ በዚህ መንገድ የእርከንን ጥቅም ራሳቸው ይደርሱበታል። የላሊበላ ተማሪዎች ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን በሁለት ወገን የሚለየውን የዮርዳኖስን ፈለግ ተመልክተው የጎርፍን መንገድ ሊያጠኑ ይችላሉ።

ሆኖም አፈር መንካት ብቻውን ትምህርት አይደለም። ግምት ያልቀደመው፣ ውይይትም ያልተከተለው ሙከራ ከጨዋታ አያልፍም። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል አንዱ ቡድን ሲያፈስ ሌላው ይመዝግብ፤ ከዚያም ይለዋወጡ። ምዘናውም «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ ተማሪው የቤተ ሰቡን ማሳ ተመልክቶ አፈሩ በየት በኩል እንደሚሄድ እንዲያመለክት የሚጠይቅ ይሁን። ያንን ማሳ ነገ የሚያርሰው እርሱ ሊሆን ይችላልና።